ማንም ቆሞ ያላየው ዕጣ

በልጅ ልጄ ሕይወት ላይ ዕጣ ሲጣል ከእኛ ወገን አንድም ሰው ቆሞ አላየም። መጻፍ የምፈልገው በደል ይህ ነው። በሽታውን፣ የሰው አገሩን፣ የስልኩን መቆራረጥ የእግዜር ነው ብዬ ልተወው እችላለሁ። ዕጣ ግን የሰው ሥራ ነው። ሰው ለሠራው ሥራ ደግሞ ሰው ይጠየቃል።

ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጅ አዝዬ ነው፤ ልጄ ስታለቅስ እየወጣሁ፣ ስትተኛ እየተመለስኩ። ስለዚህ ከፊደሉ መሀል ያመለጠኝ አለ። ስለ ዕጣ ግን የሚያስተምረኝ ሰው አልፈልግም።

በእኛ ቀበሌ መሬት እንደገና በተደለደለ ጊዜ ባል የሞተባት ሴት ነበርኩ። ማሳው በገመድ ተለክቶ ተሸነሸነ። ዕጣ የሚጥል ሁሉ የየራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የሰንበሌጥ ቁራጭ፣ አንዱ ከኮቱ የበጠሰውን ቁልፍ። እኔ አንድ ፍሬ ባቄላ ሰጠሁ። ምልክቱ ሁሉ በባርኔጣ ውስጥ ይደባለቅና የትኛው የማን እንደሆነ ያላየ ሰው እያነሳ በየማሳው ላይ ያስቀምጣል። ባቄላዬ ያረፈችበት ማሳ የእኔ ይሆናል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ያን ቀን ግን ባርኔጣውን የተቀበለው የኮሚቴ ሰው ምልክታችንን ስንሰጥ ከጎናችን ቆሞ ሲያይ ነበር።

«አንተ አይተኸናል!» ብዬ ጮህኩ። «ያየ ሰው ዕጣ አያወጣም!»

«ሴትዮ፣ እኔን ነው የምትጠረጥሪኝ?»

«አንተን አይደለም፤ ዓይንህን ነው።»

«ዓይኔን አውጥቼ ልስጥሽ?»

«ዓይንህ ለራስህ ይሁን። ባርኔጣውን አምጣ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። እኔም ማሳው ድንበር ላይ ተቀመጥኩና አልነሳም አልኩ። በመጨረሻ ዶሮ ይዛ ወደ ሉማሜ ገበያ የምትወርድ መንገደኛ ተጠርታ፣ ዶሮዋን ሰው ያዘላትና ዕጣውን አወጣች። ባቄላዬ ያረፈችው ጭንጫው ላይ ነበር። ማረሻ የሚሰብር፣ ዝናብ እንደ መጣ የሚሸኝ፣ ከሁሉ የከፋው ማሳ።

«አሁንስ ደስ አለሽ?» አለኝ የኮሚቴው ሰው።

ደስ አላለኝም። ግን በዚያ ጭንጫ አማርሬ አላውቅም። ያየኝ ሰው አልሰጠኝማ።

የልጅ ልጄ ይህን ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው። እናቷ፣ አዝዬ የተማርኩባት ያች ልጄ፣ ሕፃኗ ጡት ሳትጥል ሞተችብኝ፤ ስለዚህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እማዬ ትለኛለች። ደብረ ማርቆስ ተምራ በጥሩ ውጤት ጨረሰችና ባሕር ማዶ ለትምህርት ተላከች። እዚያ እያለች ታመመች። የደም ካንሰር ነው አሉ፤ ቶሎ የሚሮጠው፣ አጣዳፊው ዓይነት። ኬሞ የሚሉት መድኃኒት ተሰጥቷት ፀጉሯ ረገፈ፣ ከስታ ከስታ ቆዳዋ ቀረ፣ ከዚያ «ጠፍቷል» ተባለ። ፀጉሯ ሲበቅል ፎቶ ላከችልኝ። ፀጉሩ ድሮ ከነበረው ይልቅ የተጠቀለለ ነበር። ሐኪሞቹ የሌላ ሰው ፀጉር ተክለውባት ይሆን ብዬ እስከ መጠርጠር ደርሻለሁ። ያም ሆኖ ትምህርቷን ቀጠለች፣ እኔም እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ።

ዓመት አለፍ ካለ በኋላ ስልክ ተደወለ። ታናሽ ወንድሜ ያን ቀን እኔ ቤት ነበር። ደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ነው፤ ጥርሱን ሊያስነቅል ከተማ መጥቶ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ተቀምጧል። ስልኩን አነሳሁ።

«እማዬ፣ አትደንግጪ። አገርሽቶብኛል።»

ከዚያ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። «...ተመልሶ... ሐኪሞቹ... ከራ ውስጥ ገብቻለሁ...» ስልኩ ጠፋ።

«መከራ ውስጥ ገብቻለሁ አለች!» ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ሊሰማ በሚችል ድምፅ አለቀስኩ።

ወንድሜ ጉንጩን በእጁ እንደያዘ፣ «ቆይ እትዬ፣ ቆይ፤ 'መ'ን በግዕዙ ነው የሰማሽው በካዕቡ?» አለኝ።

«ምን?»

«መከራ ነው ያለችው ወይስ ሙከራ?»

«ልጄ እየሞተች አንተ ፊደል ታስቆጥረኛለህ?»

«የሚለያየው በአንድ ቅጥል ነው። ሙከራ ካለች አዲስ መድኃኒት እየሞከሩ ነው ማለት ነው። ከሙከራ ደግሞ ሰው ይወጣል።»

«እንግዲያው ቅጥልህን ይዘህ ውጣልኝ!»

አልወጣም፤ ጉንጩ አሞት ነበር። ማታ ስልኩ ተመልሶ ሲሠራ ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ። በካዕቡ ነበር። ሙከራ ውስጥ ገብታለች።

«የሚሞከረው ምንድን ነው?» አልኳት።

«መድኃኒት ነው እማዬ። አዲስ መድኃኒት።»

«በማን ላይ?»

«እንደኔ ባገረሸባቸው ላይ።»

«እንግዲያው የምትሞከሪው አንቺ ነሽ፤ መድኃኒቱ አይደለም።»

ሳቀች። ስትስቅ ሳል ያዛት። ከዚያ አዲሱ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ለእኔ በሚገባኝ መንገድ አስረዳችኝ። በደሟ ውስጥ ዘበኞች አሉ፤ በሽታ ሲገባ የሚጠብቁ። የታመመውን ደም ግን አይነኩትም፤ ከዚያው ከራሷ ሰውነት የወጣ ስለሆነ የቤት ሰው ይመስላቸዋል። መድኃኒቱ በአንድ እጁ ዘበኛውን፣ በሌላው እጁ ሌባውን ይይዝና ፊት ለፊት ያጋጥማቸዋል። ኬሞ ቤቱን ሁሉ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ይኸኛው ሌባውን ለይቶ የሚያስይዝ ነው።

«ዘበኛው ሰው ቢሳሳትስ?» አልኳት።

«ለዚህ ነዋ የሚሞከረው።»

መልሱ አላማረኝም። ባለቤቶቹ ራሳቸው የማያውቁትን ነገር በእኔ ልጅ ሊያውቁ ነው። በየቀኑ ደሟን እንደሚቀዱም ነግራኛለች፤ ከዳሌ አጥንቷ ውስጥ ሳይቀር በመርፌ ይስባሉ። ያ ሁሉ ደም የት ይሄዳል? ማን ይወስደዋል? ሌሊቱን ይህን ሳገላብጥ አነጋሁ። በነጋታው ደውዬ ተይው፣ ውጪ፣ ነይ ወደ አገርሽ አልኳት።

«እማዬ፣ አዲሱ መድኃኒት እኮ ለእኔ አልደረሰኝም» አለች።

«አልደረሰኝም ማለት?»

«ሁሉም ሰው አያገኘውም። ከፊሉ አዲሱን፣ ከፊሉ የተለመደውን ኬሞ ነው የሚወስደው። ከዚያ የትኛው እንደሚሻል ይታያል። በዕጣ ነው። ለእኔ የተለመደው ደረሰኝ።»

በዕጣ ነው ስትል ተነሥቼ ቆምኩ። ትናንት የጠላሁትን መድኃኒት ዛሬ የተነጠቅኩት መሰለኝ። ጮህኩ። ወንድሜ ከሌላው ክፍል መጣ። ጉንጩ ጎድሎ ነበር፤ ምላሱ ተመልሳለች።

«ትናንት ሞከሩባት ብለሽ አለቀስሽ» አለኝ፤ «ዛሬ አልሞከሩባትም ብለሽ ታለቅሻለሽ። እግዜር የትኛውን ለቅሶ ይስማ?»

«ሁለቱንም ይስማ! ምን ሥራ አለበት!»

አማተበ። እኔ ወደ ስልኩ ተመለስኩ።

«ዕጣውን ማን አወጣው?»

«ኮምፒውተር።»

«ኮምፒውተሩን ማን ይዞት ነበር?»

«ማንም አልያዘውም እማዬ። ሌላ ከተማ ነው ያለው። ስሜን እንኳ አያውቅም፤ በቁጥር ነው የሚያውቀኝ።»

«ቁጥሩ ያንቺ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም?»

«ሐኪሞቹ ያውቃሉ...»

«እንግዲያው ምልክትሽን አይተዋል!»

«ቢያዩም ዕጣው ውስጥ እጃቸው አይገባም።»

«አንቺ ቆመሽ አየሽ? ሲወጣ አየሽ?»

«አላየሁም።»

«ሌላ ሰው አየ?»

«አይመስለኝም።»

«አጠገብሽ የተኛችው ምን ደረሳት?»

ከእሷ ክፍል ቀጥሎ የዚያው አገር ሴት እንደተኛች ቀደም ብላ ነግራኝ ነበር። «አዲሱ» አለች።

ይኸው፣ አልኩ በልቤ። ለአገራቸው ልጅ አዲሱ፣ ለእኔ ልጅ አሮጌው። ማን ያውቃል የማን ባቄላ የት እንደወደቀች? ማን ቆሞ አየ? ጭንጫው ለእኔ ሲደርሰኝ ቢያንስ ባርኔጣውን አይቻለሁ፤ የመንገደኛዋን እጅ አይቻለሁ፤ ዶሮዋን ሳይቀር አስታውሳለሁ። እዚህ ግን ባርኔጣውም የለ፣ እጁም የለ።

ሐኪምሽን አቅርቢልኝ አልኳት። እንቢ አለች። ካላቀረብሽልኝ እህል አልቀምስም አልኳት፤ እንደማደርገውም ታውቃለች። አንድ ቀን ሐኪሟ ክፍሏ እንደገባች የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መሀላቸው አስቀመጠችው። ሐኪሟ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነው። ለስላሳ ድምፅ ያለውን ሰው ደግሞ ቶሎ አላምነውም። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። እኔም ያሰብኩትን ሁሉ አልኩ።

«እንዲህ በያት፤ እኔ አያቷ ነኝ። እናት የላትም፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በአገራችን ያየ ሰው ዕጣ አያወጣም። ዕጣ ሲወጣም ባለጉዳዩ ቆሞ ያያል። የእኔ ልጅ ዕጣ ሲወጣ ማን ቆሞ አየ? የውጭ አገር ሰው ናት፣ ጥቁር ናት፣ ጠያቂ የላትም ብላችሁ ከሆነ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ይኸውና ጠየቅኩ!»

ልጅቷ በእነሱ ቋንቋ ተናገረች። በጣም አጭር ነበር። ሐኪሟም የሆነ ነገር ብላ ሳቅ አለች።

«ምን አለች?»

«ዕጣው ትክክለኛ ነበር ትላለች እማዬ።»

«ይህንኑ ብቻ? ምን ያስቃታል ታዲያ?»

«ሰላምታ ያቀርቡልሻል።»

ስልኩ ሲዘጋ ወንድሜን ተመለከትኩት። «ያን ሁሉ ተናግሬ እሷ በሁለት ቃል ጨረሰችው» አልኩ።

«የእነሱ ቋንቋ ጠባብ ይሆናል» አለ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጥፎ ነበር። የተለመደው ኬሞ ለጥቂት ጊዜ የያዘላት መሰለ፤ ቀጥሎ ያዝ ለቀቅ ሆነ፤ ቀጥሎ ለቀቀ። በስልክ እየሳቀች ታወራኛለች፤ እኔ የምሰማው ከሳቁ በታች ያለውን ትንፋሽ ነው። በላሽ? በላሁ። ምን በላሽ? እዚህ ስትደርስ ያልተዘጋጀችበት ትመስለኛለች፤ ሾርባ ትላለች። ሁልጊዜ ሾርባ። ወንድሜ ወደ ደብረ ወርቅ ተመልሶ ጸሎት አስያዘላት። ሲደውል እኔ ስለ ዕጣው፣ እሱ ስለ ጸሎቱ እናወራለን፤ ማንኛችንም የሌላውን አንመልስም።

አንድ ቀን ጠዋት ደወለችና፣ «እማዬ፣ ሙከራው ቆመ» አለች።

 ሁሉም ሞተው አለቁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

«አይደለም፣ ስሚኝ። ከጊዜው በፊት ያቆሙት አዲሱ እንደሚሻል ስለታየ ነው። የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት የበለጠ በሕይወት እየቆዩ ነው። ከእንግዲህ ዕጣ የለም። ለእኔም ሊሰጡኝ ነው።»

እግዜርን ማመስገን ነበረብኝ፤ አመሰገንኩም፤ ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ የወጣኝ ጥያቄ ነው። «ለምን አሁን?»

«ከዚህ በፊት አያውቁም ነበራ።»

«አሮጌው ደርሷቸው የሞቱትስ?»

 ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አልተቆረጠም። እያለቀሰች ነበር። ከዚያ ወዲያ ያን ጥያቄ ደግሜ አልጠየቅኳትም፤ ጥያቄው ግን አለ፣ እዚህም ጽፌዋለሁ።

አዲሱን መድኃኒት በከረጢት አንጠለጠሉላት። ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ፣ በትንሽ ማሽን እየተገፋ፣ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚገባው፤ ለሳምንታት። መጸዳጃ ቤት ስትሄድ በትከሻዋ ይዛው ትሄዳለች። «እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ነው የምተኛው» አለችኝ። መጀመሪያ ላይ ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት። ዘበኞቹ ከሌባው ጋር ሲታገሉ ነው አሉ። ቤት ውስጥ ትግል ሲኖር ዕቃ እንደሚሰበር ደግሞ አውቃለሁ፤ ምን ሊሰበር ይችላል አልኳት። አንዳንድ ሰው ላይ አእምሮን ይነካል አለች፤ ስለዚህ በየቀኑ አንድ ዐረፍተ ነገር ያጽፏታል። ሁልጊዜ ያንኑ፣ በእጇ ጽሑፍ። ፊደሏ ከተንጋደደ ወይም ቃል ከጎደለ መድኃኒቱን ያቆማሉ።

«በየትኛው ቋንቋ?»

«በየትኛውም፤ በለመድኩት። በአማርኛ ነው የምጽፈው።»

«ማን ሊያነብልሽ? ቢጎድል በምን ያውቃሉ?»

«ከትናንቱ ጋር ያስተያዩታል እንጂ አያነቡትም።»

ይኸም አጠራጠረኝ። የማያነብ ሰው የሚያርም! ምን እንደምትጽፍ ስጠይቃት ግን አልነገረችኝም፤ ስመጣ አለች። ስመጣ ማለቷን ሰማሁ። ከታመመች ወዲህ ስመጣ ብላ አታውቅም ነበር።

ትኩሳቱ በረደ። የታመመው ደም ቀነሰ፣ ቀጥሎ በመርፌ ቢፈለግ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ሌላ ረጅም ሕክምና ተከተለ፤ እሱን ለመጻፍ እውቀቴ አይደርስም። ዳነች ብዬም አልጽፍም፤ አንድ ጊዜ «ጠፍቷል» ብለውኝ አይቻለሁ። የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ከአውቶቡስ በእግሯ ስትወርድ አየኋት። ሰውነቷ እንደ ልጅነቷ ቀጭን ነው፤ ፀጉሯ ግን የራሷ ሆኖ ተመልሷል፣ ጎትቼ አረጋግጫለሁ።

«እማዬ፣ ያመኛል!»

«ካመመሽ ያንቺ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ጭንጫውን አሳዪኝ አለችኝ። ዛሬ ባሕር ዛፍ ተክዬበታለሁ፤ ሌላ ነገር አይቀበልም። ያን ጊዜ የተቀመጥኩበት ድንበር ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ጠየቅኳት።

«በየቀኑ የምትጽፊው ምን ነበር?»

«'ያየ ሰው ዕጣ አያወጣም።'»

በዚያው ድንበር ላይ የጮህኩት ቃል ነው። 

«መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪ» አለች። «በስልክ ያወራሽ ቀን ጥያቄሽን አልነገርኳትም። አያቴ ሰላም ትልሻለች፣ በደንብ እበላ እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ነው ያልኳት። እሷም ሾርባ ብቻ ነው የምትወደው ብላ ሳቀች።»

«ውሸታም!»

«ፈርቼ ነው እማዬ። ያለሁት በእጃቸው ነበር። ተቆጥተው ቢተዉኝስ?»

 ሁሉን ስጠረጥር አስተርጓሚዋን አልጠረጠርኩም። መጠርጠርስ ጠርጥሬ ነበር፤ ወንድሜ ቋንቋቸው ጠባብ ነው ብሎ አዘናጋኝ እንጂ።

«በኋላ ግን ጠየቅኳት» አለች። «ከረጢቱ ከወጣልኝ ቀን በኋላ ሐኪሟ ወረቀቶቹን ሁሉ ይዛ መጣችና ይህን ሁሉ ቀን የጻፍሽው ምን ማለት ነው አለችኝ። ነገርኳት። ባቄላውን፣ ባርኔጣውን፣ ዶሮ የያዘችውን ሴትዮ፣ ጭንጫውን። በስልክ ያልሽውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።»

«ጥቁር ናት ብላችሁ ያልኩትንም?»

«እሱንም።»

«ማን ቆሞ አየ ያልኩትንስ?»

«እሱንም ጠየቅኳት።»

«ምን አለች?»

ልጄ ከድንበሩ ላይ አንድ ጠጠር አንስታ በእጇ እያገላበጠች፣ ቃሉን እንዳትስት እየተጠነቀቀች ነገረችኝ።

«'ማንም ቆሞ አላየም' አለች። 'አያትሽ ልክ ናቸው፤ ቢያንስ እንዴት እንደሚወጣ ልናሳያቸው ይገባ ነበር። ግን ይህን ንገሪያቸው፤ እኔ አይቼሽ ነበር። መጀመሪያ የገባሽ ቀን ብቻሽን ሻንጣሽን ስትጎትቺ አይቼሽ አዲሱ ላንቺ እንዲደርስሽ ተመኘሁ። ዕጣውን እኔ እንዳላወጣ የተከለከልኩትም ለዚሁ ነው። እኔ ባወጣው ኖሮ ላንቺ ነበር የማወጣልሽ፤ ከአንቺ ቀጥላ የገባችው ሴት ግን የሚመኝላት ሰው አልነበራትም።'»